የጥንቸል በሽታና የጥንቸል ቤት

በ2011 ዓ.ም. ክረምት፣ በላፍቶ፣ አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ለሥጋ ያረቧቸው ጥንቸሎች ማስነጠስ ጀመሩ። ኦሪት ዘሌዋውያን (11፥6) ጥንቸልን ከርኩሳን ስለሚቆጥር በሰፈሩ ገዢው ጥቂት ነበር፤ ጥንቸሎቹ ግን ገዢ ሳይጠብቁ አለቁ። አፍንጫቸው ነጭ ንፍጥ አወጣ፤ እርሱን የሚጠርጉበት የፊት እግራቸው ፀጉር ተጣበቀ፤ ከዚያም ተራ በተራ ሞቱ። የእንስሳት ሐኪሙ በሽታውን ያመጣው ፓስተሬላ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ነገረን።

ባክቴሪያው ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር ነው። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1880 የዶሮ ኮሌራ ባክቴሪያ ሲደክም ዶሮን ከመግደል ይልቅ ከበሽታው እንደሚጠብቃት አስታወቀ። ይህ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ይኸው ሊቅ ያንኑ ባክቴሪያ ለመግደያነት ሊያውለው መሞከሩ ግን እምብዛም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1887 በአውስትራሊያ የምትገኘው ኒው ሳውዝ ዌልስ ግጦሿን ያወደመባትን የዱር ጥንቸል ለሚያጠፋላት 25,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀች። ፓስተርም በዚያው ዓመት በሬምስ ከተማ፣ በወይን ነጋዴዋ በወይዘሮ ፖመሪ ይዞታ ውስጥ ሙከራ አስደረገ፤ ባክቴሪያው የተረጨበትን መኖ የበሉት ጥንቸሎች ወዲያው ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት የባለቤቱን የእኅት ልጅ አድሪያን ሎዋርን ወደ ሲድኒ ላከ። በሮድ ደሴት ላይ የተደረገውን ፈተና የተከታተለው ኮሚሽን ግን ሐሳቡን አልተቀበለም። የተመረዘውን መኖ የበላ ጥንቸል ይሞታል፤ በሽታው ከሟቹ ወደ ጤነኛው ግን እንደተፈለገው አይዛመትም። በዚያ ላይ ወፎችን ይፈጃል።

በሮድ ደሴት አልዛመት ያለው ባክቴሪያ ታዲያ በላፍቶ እንዴት አንድ ቤት ሙሉ ጨረሰ? የባክቴሪያው ዘር መለያየት እንዳለ ሆኖ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ብዙ ጥንቸሎች ፓስተሬላን በአፍንጫቸው ይዘው ይኖራሉ። ከሽንታቸው የሚወጣው አሞንያ የአፍንጫቸውን ስስ ሽፋን ሲያቆስለው ባክቴሪያው መንገድ ያገኛል፤ በተጨናነቀ ቤት ደግሞ የአንዱ ማስነጠስ ለሌላው ይደርሳል።

የዚያን ቤት ንድፍ የሠራሁት እኔ ነበርሁ። ብርዱን ፈርቼ ቆርቆሮውን በየመገጣጠሚያው አስደፈንሁ፤ በንፋስ ስልክ ስም በሚጠራ ክፍለ ከተማ ነፋስ መከልከሌ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሲሚንቶው ወለል መፍሰሻ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ብቻ ሳይሆን ለከብት ፓስተሬሎሲስም ክትባት ያዘጋጃል። ያ ግን ለከብት የተሠራ እንጂ ለጎረቤቴ ጥንቸሎች የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ወለሉን በሽቦ ፍርግርግ ከፍ አደረግነው፤ ሽንቱ የሚወርድበትን ቦይ ቆፈርን፤ ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ወገን አየር ማስገቢያ ከፈትን። ጎረቤቴ በመስከረም አራት ጥንቸሎች ገዝተው ገቡ።