ስም በግድግዳ ላይ

«ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲባል ሰምተን ያደግን ነን። በጉለሌ ለኖርን ሴቶች ግን ግድግዳ አፍም ነበረው። ዛሬ ወጣቶች በስፕሬይ ቀለም የሚሠሩትን ግራፊቲ ስናይ ብዙዎቻችን «የሥራ ፈት ሥራ» እንላለን። ባለፈው ስብሰባ የማኅበራችን የግንብ አጥር በሥዕልና በጽሑፍ ይዋብ ወይስ እንዲሁ ይቆይ በሚለው ተከራክረን ሳንስማማ ተለያይተናል። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን እንይ።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። የጭቃ ቤት ሲሠራ ቋሚውን የሚተክለውና ማገሩን የሚመታው ወንድ ነው። ግድግዳውን በእበት ለቅልቆ የሚያሳምረው ግን የሴት እጅ ነው። ውስጡን ጋዜጣ የለጠፍነውም እኛ ነን፤ ስንት ልጅ ፊደል የለየው ከዚያ ጋዜጣ ላይ ነው። ሆኖም ያንን ግድግዳ ማን እንዳሳመረው የሚናገር ጽሑፍ የለም።

በሥዕልም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ከእኛው ተራራ ላይ ናት። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን የሣሉ የጥንት ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም። ገንዘብ ሰጥቶ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይታያል፤ ስሙም ይጻፍለታል። ደጋፊዎቻችን ቅር እንዳይላችሁ፤ ልማዱ እንዲያ ነበር።

በአብዮቱ ዘመን ግድግዳ የጦር ሜዳ ሆነ። ወጣቶች በሌሊት የተቃውሞ መፈክር ይጽፋሉ፤ ሲነጋ ይጠፋል፤ በቦታው «አብዮታዊት ኢትዮጵያ ወይም ሞት» ይጻፋል። አንዷ አባላችን በ1969 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። አንድ ጠዋት የታጠቁ ሰዎች መጥተው እናታቸውን በአጥራቸው ላይ የተጻፈውን እንዲያጠፉ አዘዟቸው። እናትየው በውኃና በአመድ እየፈተጉ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። ልጅቱ አንብባዋለች፤ ፈርታ ግን «እኔም አላውቅም» አለች። እኒያ እናት የማያነቡትን ቃል ሲያጠፉ ዋሉ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናትየው ማታ ማታ ይማሩ ጀመር። ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት ደብተር አልበቃቸውም። ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃው በላይ፣ በከሰል ጻፉት። አባላችን ይህን ሲነግሩን «ማንም እንዲያጠፋው አልፈቀዱም፤ ጢሱ ነው ቀስ ብሎ የሸፈነው» አሉን።

ያነጋገረን ይህ ነው። በዓለም የታወቀው ግራፊቲም የተነሣው ስምን ከመጻፍ ነውና። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፊላደልፊያና የኒውዮርክ ድሃ ሰፈር ልጆች የቅጽል ስማቸውን በግድግዳና በባቡር ላይ ይጽፉ ነበር። ከወንዶቹ መካከል ስሟን ያስከበረች ሴት ሌዲ ፒንክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢኳዶር ተወልዳ በልጅነቷ ኒውዮርክ የገባች ስደተኛ ናት። በ1979 መጻፍ የጀመረችው ከእሷ የተለየውን የወንድ ጓደኛዋን ስም ነበር፤ ቀጥላ የራሷን ጻፈች። «ሴት ይህን አትችልም» ባዮችን በሥራዋ መለሰች። ዛሬ ሥራዎቿ በሙዚየም ይታያሉ፤ ተማሪዎችን ይዛም የግድግዳ ሥዕል ትሠራለች።

በአገራችንም መንገድ የጠረጉ አሉ። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ በኋላ፣ የአድዋ ተወላጇ ደስታ ሐጎስ እ.ኤ.አ. በ1969 የግላቸውን ዐውደ ርእይ ያቀረቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሠዓሊ ሆኑ። አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ ዛሬ ግድግዳ የሚያህል ሸራ ላይ ትሠራለች።

የሰው አጥር ያለ ፈቃድ መቀባት ጥፋት ነው፤ ቆጥባ ባስቀባችው ግንብ ላይ በማግስቱ የተሞነጫጨረ ነገር ያገኘች ሴት ብትናደድ እውነቷን ነው። የእኛ አጥር ግን የእኛ ነው። ማኅበራችንን ከመሠረቱት ብዙዎቹ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። በመጀመሪያው የቁጠባ መዝገባችን ላይ ከስማቸው ጎን ያለው የአውራ ጣት አሻራ ነው። ስሙን የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። የሰፈራችን ወጣት ሠዓሊዎች ሥዕሉን ይሥሩልን፤ የመሥራቾቹን ስም ግን እያንዳንዷ በገዛ እጇ ትጻፍ። «ስሜ በመንገድ ዳር ምን ይሠራል?» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ማንም አያስገድዳቸውም፤ ቦታቸው ይጠበቅላቸዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጣለን። ደጋፊዎቻችን ቀለምና ብሩሽ ብታግዙን ደስ ይለናል። የእናንተንም ስም እንጽፋለን፤ በዚህኛው ግድግዳ ግን ከሠሪዎቹ ስም ቀጥሎ ነው።