በማዘር ትሬዛ ቤቶች የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት

በማዘር ትሬዛ ቤቶች የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሰዎች ሕሙማንን፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያንና አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን የሚረዱበት ሥርዓት ነው። የሚመራው ሚሽነሪስ ኦፍ ቻሪቲ በተባለው የካቶሊክ ማኅበር ሲሆን ማእከሉ የሕንዷ ኮልካታ ከተማ ናት። ፈቃደኛው ከማኅበሩ ደመወዝም ሆነ ማደሪያ አያገኝም፤ ለመግባትም ገንዘብ አይከፍልም፣ የሃይማኖትም ሆነ የሙያ ማስረጃ አይጠየቅም። ቤቶቹን በዓለም ዙሪያ ያስወደዳቸው ይህ ክፍት አሠራር ነው፤ ለዋናው ትችት ምክንያት የሆነውም እሱው ነው።

አመጣጥ

የማኅበሩ መሥራች ማዘር ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1910 በስኮፕዬ ከአልባኒያውያን ቤተሰብ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1929 የሎሬቶ ማኅበር አባል ሆነው ሕንድ ገቡ፤ በኮልካታም ለረጅም ዓመታት አስተማሩ። በ1948 ከገዳማቸው ወጥተው፣ ፓትና ውስጥ አጭር የሕክምና ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በድሆች መንደር መሥራት ጀመሩ። አዲሱ ማኅበራቸው በጥቅምት 1950 የቤተ ክርስቲያን ዕውቅና አገኘ። አባላቱ ከድህነት፣ ከንጽሕናና ከታዛዥነት ሌላ አራተኛ መሐላ ይፈጽማሉ፤ እሱም ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆኑትን ያለ ዋጋ ማገልገል ነው።

ሲስተሮች ከሚባሉት የማኅበሩ መነኮሳት ውጭ ያሉ ረዳቶች የመጡት ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በ1954 ኮልካታ ይኖሩ የነበሩት እንግሊዛዊት አን ብሌኪ ጓደኞቻቸውን አስተባብረው ለድሃ ልጆች የገና ስጦታ ማሰባሰብ ጀመሩ። ይህ ጅምር አድጎ በ1969 የማዘር ትሬዛ ተባባሪ ሠራተኞች የተባለ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሆነ። በዚያው ዓመት ጋዜጠኛው ማልኮም ማገሪጅ ስለ እሳቸው ለቢቢሲ የሠራው ፊልም፣ በ1979 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት የማዘር ትሬዛን ስም በሰፊው አስተዋወቁ። ኮልካታም ከሩቅ አገር ለሚመጡ ፈቃደኞች መዳረሻ ሆነች።

ቤቶቹ

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው በኮልካታ ካሊጋት ሠፈር የሚገኘው ኒርማል ህሪዳይ ነው። በነሐሴ 1952 የተከፈተው ከካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ በሚገኝ፣ ቀድሞ የሂንዱ ተሳላሚዎች ያርፉበት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን በየመንገዱ ወድቀው የተገኙ፣ ለሞት የተቃረቡ ሰዎችን ይቀበላል። ሺሹ ባቫን ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት፣ ዳያ ዳን ለአካል ጉዳተኛ ልጆች፣ ፕሬም ዳን ደግሞ ለሕሙማንና ለአቅመ ደካሞች የተዘጋጁ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ በቲታጋር የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትና የሽመና ሥራ የሚሠሩበት መንደር አለ።

አቀባበልና ሥራ

ኮልካታ ውስጥ አዲስ መጪ ፓስፖርቱን ይዞ በመመዝገቢያው ቀን ይቀርባል፤ ሲስተሮቹ ስለ ሥራው ካስረዱት በኋላ ወደ አንዱ ቤት ይመድቡታል። ማደሪያውን የሚፈልገው በራሱ ወጪ ነው፤ ብዙዎች በሰደር ጎዳና አካባቢ ባሉ ርካሽ ሆቴሎች ያርፋሉ። ቀኑ የሚጀምረው በማኅበሩ ዋና ገዳም በማለዳ ቅዳሴ ነው፤ መገኘት ግን ግዴታ አይደለም። ከዚያ ፈቃደኞቹ ዳቦ፣ ሙዝና ሻይ ቀምሰው፣ አጭር ጸሎት አድርሰው ወደየቤቱ ይሄዳሉ።

አብዛኛው ሥራ ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ጠዋት ጠዋት የሕሙማን ልብስና አንሶላ በእጅ ታጥቦ ጣሪያ ላይ ይሰጣል። ሕሙማንን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ወለል መወልወልና ሰሃን ማጠብም የፈቃደኞች ድርሻ ነው። የሕክምና ባለሙያ የሆኑት ቁስል ያጥባሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። ሐሙስ የፈቃደኞች የዕረፍት ቀን ነው። የቆይታው ርዝመት የተወሰነ ስላልሆነ ለጥቂት ቀናት የሚያገለግሉም፣ በየዓመቱ ተመልሰው ለወራት የሚቆዩም አሉ።

ትችት

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አርታኢ የነበሩት ሮቢን ፎክስ በ1994 የካሊጋቱን ቤት ጎብኝተው ጽፈዋል። ንጽሕናውን፣ የቁስል እንክብካቤውንና የሠራተኞቹን ደግነት አድንቀዋል። ሆኖም ሐኪም ዘወትር ስለማይገኝ የሕክምና ዕውቀት የሌላቸው ሲስተሮችና ፈቃደኞች ስለ ሕሙማን መወሰን ግድ እንደሚሆንባቸው፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም እንደማይሰጥ ገልጸዋል። ጸሐፊው ክሪስቶፈር ሂቸንስ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ነቀፌታውን አጠንክሮ፣ ገንዘብ ሳይቸግር ቤቶቹ ሆን ተብሎ በድህነት እንዲቆዩ ተደርጓል ብሏል። የማኅበሩ መልስ ቤቶቹ ሆስፒታሎች አይደሉም፣ ሌላ የሚቀበላቸው ላጡ ሰዎች መጠለያ ናቸው የሚል ነው። ክርክሩ አንድ ነገር አጉልቷል፤ ልብስ ማጠብና ማጉረስ ቅን ልብ ላለው ሁሉ ክፍት ቢሆንም መርፌ መውጋትና መድኃኒት መምረጥ ግን ሙያ ይፈልጋሉ።

በኢትዮጵያ

ማኅበሩ አዲስ አበባ የገባው በ1973 ነው። ማዘር ትሬዛ በ1984 እና 1985 በነበረው ረሃብ ጊዜ ራሳቸው ኢትዮጵያ መጥተዋል። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለውን ቤት የከተማው ሰው በመሥራቿ ስም ማዘር ትሬዛ ይለዋል፤ ሕሙማንና መጠጊያ የሌላቸው ሰዎች ይረዱበታል። በዚህ ቤት ለረጅም ዓመታት ሕሙማንን በማየት የሚታወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ክርስቲያን ሳይሆኑ አይሁዳዊ ናቸው። የልብ ሕሙማንንና የአከርካሪ አጥንታቸው የተጣመመ ወጣቶችን መርምረው ብዙዎቹን ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ልከዋል።

ማዘር ትሬዛ በ1997 ሲያርፉ ማኅበሩ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሲስተሮችና በ123 አገሮች 610 ቤቶች ነበሩት። በ2016 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰይማቸዋለች።