የሜይን የባሕር ኢንዱስትሪ በሥራ ገበያ ስታቲስቲክስ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የምትገኘው የሜይን ግዛት የባሕር ኢንዱስትሪ የሰው ኃይል በዋናነት የሚታወቀው ቀጣሪዎች ለሥራ አጥነት መድን በየሩብ ዓመቱ ከሚያቀርቡት የሠራተኛና የደመወዝ ሪፖርት ነው። መረጃው በኢንዱስትሪ ኮድ ይለያል፤ የመርከብና የጀልባ ግንባታ 3366፣ ዓሣ ማስገር 1141 ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው የመርከብ ፋብሪካ፣ ባዝ አይረን ወርክስ፣ ሠራተኞቹ ደመወዝተኞች ስለሆኑ በአኃዙ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በራሱ ጀልባ ሎብስተር የሚያጠምደው ካፒቴን ግን የግል ተዳዳሪ በመሆኑ ከቆጠራው ውጭ ይቀራል፤ ወጥመድ እየጎተተ ከገቢው ድርሻውን የሚወስደው ረዳትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ጉድለቱ ቀላል አይደለም፤ የብዙዎቹ የጠረፍ መንደሮች እንጀራ ሎብስተር ነውና። ስለዚህ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ከግብር ሰነዶች የሚያጠናቅረው፣ ተቀጣሪ የሌላቸው ድርጅቶች መረጃ የግድ አብሮ መነበብ አለበት።