ምሕላ፦ በመቅሠፍትና በግፍ ዘመን የሕዝብ ጸሎት

ምሕላ አገር በድርቅ፣ በወረርሽኝ፣ በጦርነት ወይም በጅምላ ግድያ ሲጨነቅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ምእመናን በአንድነት የሚያቀርቡት የልመና ጸሎት ነው። በየዓመቱ በአጽዋማት የሚደረስ ምሕላ አለ፤ ድንገተኛ መከራ ሲመጣ ደግሞ በአዋጅ ይያዛል። አርአያው የነነዌ ሰዎች ንስሐ ነው። በነቢዩ ዮናስ ስብከት ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፤ ሕዝቡም ከነእንስሳቱ ጾመ። ቤተ ክርስቲያን ይህን የምታስብበት የሦስት ቀን ጾም ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጾማል።

ምሕላ ሲታወጅ ደወል ይደወላል፤ ካህናት መስቀል፣ ሥዕል፣ ወንጌልና ጽና ይዘው ይወጣሉ። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ይከተላል። ካህኑ እየመራ ሕዝቡ እየተቀበለ እግዚኦታ፣ ማለትም የ«እግዚኦ» ልመና፣ ይደረሳል፤ ብዙ ጊዜም ቁጥሩ 41 ነው። በመካከሉ ስግደት አለ። ጊዜው ሦስት ቀን ወይም አንድ ሱባኤ፣ ማለትም ሰባት ቀን ሊሆን ይችላል። ልመናው ጠላትን በመክሰስ አይጀምርም፤ ከራስ በደል ይነሣል። ይህ ግን የሞተውን ወይም የተገደለውን ጥፋተኛ ማድረግ አይደለም፤ ንስሐ የሚገባው ከንጉሥ እስከ ለማኝ ያለው ማኅበር በሙሉ ነው።

የታሪክ ምስክሩ ሩቅ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ሳሉ ቸነፈር ሲነሣ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የሰማዕቱ ስም በሚጠራበት ቦታ ቸነፈር እንዳይገባ ቃል ኪዳን ተሰጥቶታል የሚለው እምነት ለዚህ ምክንያት ሆኗል።

በዐድዋ ዘመቻ ጊዜ ጸሎቱ ከሠራዊቱ ጋር ተጓዘ። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ ከዐፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ዘመቱ። ውጊያው የተከፈተው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከማይጨው ሽንፈት ሲመለሱ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ላሊበላ ወርደው በጸሎት ቆይተዋል።

በኅዳር 1911 ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ፣ በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው፣ አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ቆሻሻ ተጠራርጎ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ መቅሠፍት ትዝታ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

የፋሺስት ወረራ በቤተ ክርስቲያኒቱ በራሷ ላይ ሰይፍ መዘዘ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ፤ አቡነ ሚካኤልም ተከትሎ በመጣው ኅዳር በጎሬ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በፋሺስቱ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የከተማው ሕዝብ ሦስት ቀን ታረደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል፤ የኋላ ጥናት ደግሞ ወደ 19,000 ገምቶታል። በግንቦት ተራው የደብረ ሊባኖስ ገዳም ሆነ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ግንቦት 12 ብዙ ሰው ስለሚሰበስብ፣ የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች መነኮሳቱንና ምእመናኑን በዚያ ሰሞን ይዘው ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ረሸኗቸው። የጣሊያኖች ቴሌግራሞች በጠቅላላው 449 ሰው መገደሉን ሲዘግቡ፣ የተመራማሪዎች ግምት ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። በጅምላ ለተቀበሩት የሚገባቸው ፍትሐት፣ ማለትም የሙታን ጸሎት፣ በጊዜው አልተደረሰላቸውም። ከነጻነት በኋላ ግን የካቲት 12 በየዓመቱ የሚታሰብ ዕለት ሆነ፤ በስድስት ኪሎም ሐውልት ቆመ።

በደርግ ዘመን የተከለከለው ለቅሶው ራሱ ነበር። በቀይ ሽብር ብዙ ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን አንሥተው እንዳይቀብሩ፣ ድንኳን ጥለው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በሐምሌ 1971 በሥውር ተገደሉ፤ በዚያው ወር የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተወስደው ተገደሉ። የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም ሥርዐቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ተገኝቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ዐረፈ።

በ2007 ደግሞ ሐዘኑ ከባሕር ማዶ መጣ። በየካቲት ወር ሃያ አንድ ክርስቲያኖች፣ ከአንዱ ጋናዊ በቀር ሁሉም ግብጻውያን ቅብጦች፣ በሊቢያ በአይሲስ እጅ መታረዳቸው ተሰማ፤ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን በስንክሳር አስገባቻቸው። በሚያዝያ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ወደ 30 የሚጠጉ ክርስቲያን ስደተኞች በዚያው አገር ተገደሉ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ለቀስተኛ ጎረፈ። ምእመናን የሊቢያ ሰማዕታት እያሉ ያስቧቸዋል።

የአዋጁ መንገድም ተለውጧል። በጥንቱ ዘመን ነጋሪት ያስጎስሙ የነበሩት ነገሥታት ናቸው፤ ዛሬ ጥሪው ከቅዱስ ሲኖዶስ ይወጣል። ኮሮና በገባበት በ2012 ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የሃይማኖት ተቋማት በጋራ ያወጁት የአንድ ወር ጸሎት በቴሌቪዥን ወደየቤቱ ገባ። በጥር 2015 ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሢመት ሲፈጸም ሲኖዶሱ ምእመናን ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ጠራ፤ በዚያው ሰሞን በሻሸመኔ ምእመናን ተገድለዋል።

በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ምሕላ መከራውን ሁልጊዜ አላስቀረም፤ የዘማቹን ጦር፣ የሐኪሙን መድኃኒትና የዳኛውን ፍርድም አልተካም። ሕዝብ ሐዘኑን በጋራ እንዲሸከም፣ በደሉን እንዲመረምርና ሟቾቹን በስማቸው እንዲያስብ ግን አድርጓል። ገዳዮች ፍትሐትንና ለቅሶን መከልከላቸው የዚህን ጸሎት ኃይል ያሳያል፤ ከልካዮቹ አልፈዋል፣ ምሕላው ግን ቀጥሏል።