የደንገል ታንኳ፦ ከጎርጎራ እስከ አትላንቲክ

በለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1715 ጀምሮ የሚካሄድ አንድ የቀዘፋ ውድድር አለ። የተጀመረው ለጌታ ልጆች አይደለም። ሰው ከወዲህ ወዲያ እያሻገሩ እንጀራቸውን ለሚበሉ፣ ሙያውን ገና ለጨረሱ ወጣት ቀዛፊዎች ነው። ሽልማቱም ቀይ ኮትና የብር ባጅ! የጀልባ እሽቅድምድም ሲወለድ እንዲህ ነው፤ ጀልባ የዕለት ሥራ በሆነበት ቦታ።

ታዲያ ጎንደር? ቀሃና አንገረብ ለጀልባ የሚሆኑ ወንዞች አይደሉም። ጀልባ ካማረን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር እንደርሳለን። ፋሲለደስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ከመቆርቆሩ በፊት አባቱ ሱስንዮስ በዚሁ አካባቢ ከትሞ ነበር። የጣና ታንኳ ግን ከነገሥታቱ ይቀድማል።

ታንኳ ሚስማር አያውቅም። ደንገል ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ እየሆነ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። የሚንሳፈፈው የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ስለሆነ ነው። ውኃ ቀስ በቀስ የአየሩን ቦታ ሲወስድ ታንኳው ይከብዳል። ስለዚህ ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። በዚህ ሙያ በተለይ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ቀዛፊው የሚሽቀዳደመው ከጓደኛው ይልቅ ከንፋስ ጋር ነው፤ ማዕበሉ ሳይነሳ ለመድረስ በጠዋት ይነሳል።

አሁን ወደ አትላንቲክ እንሂድ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ደንገሉ የተጫነው ከየት ይመስላችኋል? ከጣና! ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ መጡ። (እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ ደንገሉን ከወሰዱ አይቀር ሠሪውንስ?) «ራ» የተባለችው ጀልባ ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠርታ በግንቦት 1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሳች። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ብትጓዝም ኋላዋ እየዘቀጠ ሄዶ ካሪቢያን ሳትደርስ ቀረች። አንዱ ምክንያት ገመድ ነበር። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ የተቆለመመውን የጀልባ ኋላ ከወለሉ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ይታያል፤ እነሱ ግን ተዉት። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች «ራ 2»ን ሠሩ፤ እሷ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ዛሬ ደንገሉ ራሱ እየሳሳ ነው። የሐይቁ ዳር ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። የእንጨትና የሞተር ጀልባም በዝቷል፤ ለተሳፋሪ መቼም ይሻላል። የትኛው ነዶ ከሥር እንደሚገባ፣ ገመዱ የት ላይ ጠበቅ እንደሚል ግን ልጅ ካባቱ እጅ አይቶ ነው የሚማረው፤ ለዚያ ደግሞ ደንገል ያስፈልጋል።