መጽሐፈ ብርሃንና ጸሐፊው

ለመስከረም 21 ቀን በዓል ወደ ግሸን ማርያም የሚሄደው ሕዝብ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፥ ከደሴም ወደ አምባሰል ይወጣል። ግማደ መስቀሉን በዚያ አምባ ያኖረው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። ይህ ንጉሥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ነገሠ፤ መጽሐፈ ብርሃንም በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱትን ልጆቹን በጽኑ እንዳስገረፈ፥ ከእነርሱም የሞቱ እንዳሉ የገዛ ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል።

እንግዲህ ጨካኝ ሰው ብርሃንን ያያልን? ንጉሥ ዳዊት ኦርዮንን ቢያስገድልም መዝሙሩ አልጠፋም፤ ናታን በገሠጸው ጊዜ በደሉን አምኖ አለቀሰና። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ፈቃዱን የተቃወሙትን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት አሠቃየ። ስለዚህ ምሥጢርን ማወቅ ጠባዩ ለከፋም ሰው ይሰጣል፤ ለነፍሱ የሚያበራለት ግን ተግሣጽን ሲሰማ ነው።