ከየካ ሜዳ እስከ ዋሻ ሚካኤል

በየካ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ኮረብታው የሚያቀናው የእግር መንገድ፣ ዛሬ ለመናፈስ የሚወጡ ሰዎች ቢያዘወትሩትም፣ በታሪኩ የሽርሽር ሳይሆን የተሳላሚና የእንጨት ተሸካሚ መንገድ ነው። በግርጌው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን፣ ማለትም ከኤምባሲ በማዕርግ ዝቅ የሚል የዲፕሎማሲ መሥሪያ ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ ቦታ ላይ ተቋቋመ፤ ግቢው ዛሬ የእንግሊዝን ገጠር የሚያስታውስ ቢመስልም የመጀመሪያ ቤቶቹ የሣር ክዳን ያላቸው የጭቃ ጎጆዎች ነበሩ፤ በኋላ በአሳሽነቱና በጸሐፊነቱ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1902 ዓ.ም. የተወለደው ከእነዚሁ በአንዱ ነው።

ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት የሸፈነው ባሕር ዛፍ መነሻው አውስትራሊያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ መተከል የጀመረው በ1880ዎቹ ነው። ዛፉ ከተማዋን ከማገዶ እጦት፣ ምናልባትም ከመዛወር አዳናት፤ ከእንጦጦና ከየካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ የመውረዱ ሥራ ግን በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ላይ ወደቀ፤ ይህም ከነገሥታቱ ታሪክ አንጻር ሲታይ እጅግ ጥቂት የተጻፈበት ጉዳይ ነው።

መንገዱ ላይ ጥንታዊው ሥራ ዋሻ ሚካኤል፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ነው፤ ትውፊት ወደ አራተኛው ክፍለ ዘመን ሲወስደው፣ ብዙ አጥኚዎች ግን ከዚያ ዘግይቶ በመካከለኛው ዘመን ያስቀምጡታል።